ልጄ ሰባት ቤት እንዲቆጥር፦ ለመርከብ ሥራ የወጡ ቅድመ አያት ፍለጋ

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ልጄን "እስቲ የኔ ጌታ፣ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ" አለችው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የእኔን ወገን አስጠንቼው ስለነበር ሳይደናቀፍ አወረደላት። እልልታዋ ስልኩን ሞላው። ከዚያ "በአባትህ በኩልስ?" አለችው። አባቱን ጠራ። አያቱን ጠራ። የአያቱን አባት ጠራና ቆመ። ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ እኔ ደግሞ ባለቤቴን አየሁ። ባለቤቴ የግላስጎው ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስኮትላንዳዊ። "ቅድመ አያቴ ከአየርላንድ መጥተው መርከብ ይሠሩ ነበር ይባላል" አለ። ስማቸውን እንኳ እርግጠኛ አልነበረም።

እናቴ ነገሩን አለሳልሳ አለፈችው። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትዝ ያለኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በንጉሡ ዘመን ከወሎ ተነሥቶ ለወደብ ሥራ አሰብ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። አያቴ እስክትሞት ድረስ "አሰብ የወረደው ልጄ" እንዳለች ነው ያለፈችው። ልጅ ይውለድ አይውለድ አናውቅም። ለእንጀራ ወጥቶ የቀረ ሰው በዘር ቆጠራ መሃል ትልቅ ቀዳዳ ይተዋል። በልጄ ቆጠራ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ መድፈን ፈለግኩ።

ፍለጋው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። የጻፍኩት የባዕድ አገር ሰው አግብታችሁ ልጆቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚያመጡባችሁ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የጀመርኩት በስህተት ነው። "ከአየርላንድ መጡ" የሚለውን ወሬ ይዤ ቀጥታ አየርላንድ መዝገብ ውስጥ ገባሁ። አራት ወር ዋኘሁ፣ ምንም የለም። የአየርላንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አብዛኛው ጠፍቷል። ገሚሱን መንግሥት ራሱ አስወግዶታል። ገሚሱ ደግሞ በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ የደብሊን ቤተ መዛግብት ሲቃጠል አመድ ሆነ። ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ናቸው። እነሱን ግን ያኔ በትክክል አልፈለግኳቸውም፤ የምፈልገው አየርላንድ የተወለደ ሰው ነበርና።

ተስፋ ቆርጬ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። የባለቤቴ አባት በ1942 የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። ቀደም ሲል "አያትዎ ከየት መጡ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የሰሙትን አየርላንድ ነገሩኝ። አሁን ጥያቄዬን ቀየርኩ። "ሥራቸው በትክክል ምን ነበር? እጃቸው ምን ይሠራ ነበር?" አልኳቸው።

ያኔ ፊታቸው በራ። "ሪቬት መቺ ነበሩ። ጆሯቸው ደንቁሮ ነበር። አባቴ እንደነገረኝ እራት ላይ ጨው ሲፈልጉ በጣት ነው የሚያሳዩት" አሉኝ።

ይህን የሰማሁ ቀን ነው ፍለጋው የተጀመረው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስለ ሥራው ትንሽ ላስረዳ። ያኔ የመርከብ ብረት በብየዳ አይያያዝም። ሪቬት በሚባል ጭንቅላት ባለው ወፍራም የብረት ችንካር ይሰፋል። አንድ ልጅ ችንካሩን በትንሽ ምድጃ ፍም እስኪመስል ያግላል። በጉጠት ይወረውረዋል፣ ሌላው ይቀልበዋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ይከተታል። ከውስጥ በኩል አንድ ሰው ከባድ መዶሻ አስደግፎ ይይዛል። ከውጭ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ሳይቀዘቅዝ እየተፈራረቁ ይቀጠቅጡታል። ይህ ሁሉ ባዶ የብረት ሆድ ላይ ነው። የድምፁን ነገር አስቡት። ደንቆሮነቱ ከዚያ የመጣ ነው፤ ሪቬት መቺዎች ሥራ ላይም የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነበር።

ክፍያው በተመታው ሪቬት ቁጥር ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ከቀረ ሁሉም ቆሞ ይውላል። እና ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰዎቹ ተያይዘው ይነሣሉ። ከግላስጎው የክላይድ ወንዝ ወደ አየርላንዷ ቤልፋስት፣ ከቤልፋስት ወደ እንግሊዟ ኒውካስል፣ እንደገና ወደ ክላይድ። ስለዚህ የመርከብ ሠራተኛ የምትፈልጉ ከሆነ ብቻውን አትፈልጉት። አብሮት የሚቀጠቅጠውን፣ ደባሉን፣ የሚስቱን ወንድም ተከተሉ። በአንዱ መዝገብ ቢሰወር በሌላው ሰው መዝገብ ብቅ ይላል።

ወደ ስኮትላንድ መዝገብ ተመለስኩ። ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። ስም አስገብታችሁ ትፈልጋላችሁ፤ የወረቀቱን ምስል ለማየት ትንሽ ትከፍላላችሁ። ልደት 100 ዓመት፣ ጋብቻ 75 ዓመት፣ ሞት 50 ዓመት ካለፈው ምስሉን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። የመንግሥት ምዝገባው የተጀመረው በ1855 ነው። ወረቀቱ ለእኛ ሰው የሚመች ነገር አለው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሟቹ አባትና እናት ስም አለ፤ ያውም እናትየው ከማግባቷ በፊት ከነበራት ስም ጋር። ጋብቻውም እንዲሁ። ከ1861 ጀምሮ የልደቱ ወረቀት ላይ ደግሞ ወላጆች የት፣ መቼ እንደተጋቡ ተጽፏል። በስኮትላንድ ሕግ ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። የብዙ ሴቶች መቃብር ድንጋይ ላይ እንኳ በአባታቸው ስም ነው የተጻፉት። ይህን ሳውቅ የአገሬ ነገር መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቁልፉን የሰጠኝ የ1911 የስኮትላንድ ቆጠራ ነው። ጎቫን ውስጥ፣ ከክላይድ ወንዝ በስተደቡብ። ጎቫን ያኔ ገና ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ ከግላስጎው ጋር የተቀላቀለው በ1912 ነው። እንደ ፌርፊልድ ያሉ ትልልቅ መርከብ መሥሪያዎች እዚያው ነበሩ። የቤተሰቡ መዝገብ ከስምንት መስመር አይበልጥም። የቤቱ አባወራ፣ ሪቬት መቺ፣ 36 ዓመት። የትውልድ ቦታ የሚለው አምድ ላይ ግን አየርላንድ አልነበረም። ታይሪ ይላል። ታይሪ ከስኮትላንድ በስተምዕራብ አትላንቲክ ላይ ያለች ጠፍጣፋ፣ ዛፍ የማይበዛባት ደሴት ናት።

ታዲያ የአየርላንዱ ወሬ ከየት መጣ? ዓይኔን ወደ ልጆቹ አወረድኩ። የ12 ዓመቷ ልጅ፣ ጎቫን። የ8 ዓመቱ ልጅ፣ አየርላንድ። የ6 ዓመቱ፣ ጎቫን። አየርላንድ የተወለዱት አባትየው አይደሉም፤ የአማቴ አባት ናቸው። ቤተሰቡ ለጥቂት ዓመት ለሥራ ባሕር ተሻግሮ ተመልሷል። ወሬው ውሸት አልነበረም፣ አንድ ትውልድ ብቻ ወደ ላይ ሸሽቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ያጋጥማል። የቆጠራ ወረቀት ስታገኙ የአባወራውን መስመር አይታችሁ አትዝጉት። የልጆቹን የትውልድ ቦታ በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል አንብቡት፤ የአባትየው የሥራ ጉዞ እዚያ ላይ ነው ያለው።

በዚያው ወረቀት ላይ ሌላም አምድ አለ። ጌይሊክ፣ ማለትም የደሴቶቹን የጥንት ቋንቋ፣ የሚናገር ሰው ካለ ይመዘገብበታል። በአባትየው መስመር ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ የሚል ምልክት ተደርጓል። በሚስታቸው መስመር ባዶ ነው፤ የጎቫን ልጅ ናቸው። በሦስቱ ልጆች መስመርም ባዶ። ኮምፒውተሩ ፊት ብዙ ቆየሁ። ጓዳ ሆኜ በአማርኛ ስጠራው ልጄ በእንግሊዝኛ "መጣሁ" ይለኛል። እነዚያ ሦስት ባዶ ሳጥኖች እስካሁን አይለቁኝም። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ ተረት የማነብለት በአማርኛ ብቻ ነው።

የ1901 የአየርላንድ ቆጠራ በነፃ ነው የሚታየው። አሁን የት እንደምፈልግ ስላወቅኩ ቤልፋስት ውስጥ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ይህን ወረቀት ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር አለ። በስኮትላንድ የቀረልን ቆጣሪው አጠቃሎ የገለበጠው መዝገብ ነው። የአየርላንዱ ግን አባወራው ቤቱ ውስጥ የሞላው ቅጽ ራሱ ነው፤ ከግርጌው ላይ ይፈርምበታል። ፊርማቸውን አየሁት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ተለያይተው የቆሙ። የስማቸው መጨረሻ ላይ ቀለሙ ወፍሯል። መዶሻ የለመደ እጅ ብዕሩን ተጭኖት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለአማቴ በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ በሌባ ጣታቸው ፊርማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉት። ምንም አላሉም።

ቅጹ ላይ ሁለት ደባሎች አሉ። ሁለቱም ስኮትላንድ የተወለዱ፣ ሁለቱም የመርከብ ሠራተኞች። ቡድኑ ተያይዞ እንደተሻገረ ነው የገባኝ። ቆጠራው የተደረገው ማርች 31 ቀን ነው። በዚያው ሳምንት፣ ኤፕሪል 4፣ ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ የሚባለው መርከብ ሠሪ ኩባንያ ሴልቲክ የተባለችውን መርከብ ቤልፋስት ላይ ባሕር አስገባ። ከ20,000 ቶን በላይ የሆነች፣ በጊዜዋ የዓለም ትልቋ መርከብ ናት። የእኛ ሰው በእሷ ላይ ይሥሩ አይሥሩ የሚል ወረቀት የለኝም። ሥራው ወዴት ይጠራ እንደነበር ግን በደንብ ያሳያል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ። ታይሪን ካገኘሁ በኋላ ቸኮልኩ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው ያወጣው የዘር ሐረግ አገኘሁ። ስሙ ያው፣ ደሴቲቱ ያው፣ ዕድሜው በአንድ ዓመት ብቻ የሚለይ፣ ጎቫን የኖረ የመርከብ ሠራተኛ። እስከ 1700ዎቹ ድረስ ተዘርግቷል። ሌሎች ብዙ ሰዎችም ገልብጠውታል። ወሰድኩት። ገና በዓል ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አነበብኩላቸው፤ ተጨበጨበልኝ።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኝ ነበር። በ1898ቱ የጋብቻ ወረቀት ላይ ያለው የእናታቸው ስም ከሐረጉ ጋር አይገጥምም። "መዝጋቢው ተሳስቶ ነው" ብዬ አለፍኩት። ስድስት ወር የሌላ ሰው ቤተሰብ ስቆፍር ከረምኩ። በእነዚያ ደሴቶች ጥቂት ስሞች ናቸው የሚመላለሱት። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱ አባት ስም ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው የእናቱ አባት። በዚህ ላይ የቤተሰብ ስሙ ማክ ብሎ የሚጀምር ነው፤ ማክ ማለት "የእገሌ ልጅ" ማለት ነው። ስለዚህ አንድ መንደር ውስጥ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ አራት አምስት ሰው ቢገኝ አይገርምም። እነሱን የሚለያቸው የእናት ስም ብቻ ነው። የእናት ስም ካልገጠመ ሰውዬው የእናንተ አይደለም። መዝጋቢውን አትውቀሱ፣ አቁሙና ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከዚህ ያወጣኝ የድሆች እርዳታ መዝገብ ነው። ግላስጎው ውስጥ ሚቸል ቤተ መጻሕፍት የሚባል ትልቅ ሕንፃ አለ፤ የከተማው ቤተ መዛግብት እዚያ ነው። የጎቫን ደብር የእርዳታ ማመልከቻዎች እዚያ ተቀምጠዋል። የስኮትላንድ ሕግ ጤነኛ ሆኖ ሥራ ላጣ ሰው እርዳታ አይፈቅድም ነበር፤ ስለዚህ በዚያ መዝገብ የሚገኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታሟል ወይም ተጎድቷል። ከ1908 ጀመርኩ፤ በክላይድ ላይ የመርከብ ሥራ ክፉኛ የቀዘቀዘበት ዓመት ነው። የሰውዬውንና የሚስቱን ስም ሰጠኋቸው። ሠራተኛዋ ጥራዙን አምጥታ ትራስ መሳይ ማስደገፊያ ላይ ዘረጋችልኝ።

እጃቸው ተጨፍልቆ ነበር። መርማሪው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሁሉን ጽፎታል። አንድ ክፍል ቤት። የሚስት ስምና የአባቷ ስም። የልጆቹ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ። የራሳቸው አባትና እናት ስም፣ መንደር ሳይቀር። የእናታቸው ስም ከጋብቻው ወረቀት ጋር አንድ ነው። መዝጋቢው አልተሳሳተም ነበር። ያን ጥራዝ ሳነብ አለቀስኩ፤ ከደስታም ከኀዘንም። ቤተሰቦች "ደሃ ነበሩ እንዳይባል" ብለው እንዲህ ያለውን መዝገብ ይሸሻሉ። እባካችሁ አትሽሹት። ሰው ሲቸግረው ነው ታሪኩን ከእናቱ ስም ጀምሮ የሚናገረው።

ለቤተሰቡ ደውዬ ገና ላይ ያነበብኩት ሌላ ሰው እንደነበር ነገርኳቸው። አማቴ "እንኳን አገኘሻቸው" ብቻ ነው ያሉት።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀና። የ1891 ቆጠራ ታይሪ ላይ የ16 ዓመት ልጅ ሆነው አሳየኝ። አባታቸው ጭሰኛ ናቸው። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፤ መሬቱ የአርጋይል መስፍን ነው፣ ገበሬው ግብር እየከፈለ ያርሳል። በ1886 ገበሬዎቹ መሬት ይገባናል ብለው በመነሣታቸው መንግሥት የባሕር ኃይል ወታደሮች ልኮባቸዋል። የእኛ ሰው ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወጣቱ ለምን ወደ ክላይድ እንደሚፈስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለግኩም። ደሴቲቱ በ1840ዎቹ ከ4,000 በላይ ሰው ነበራት፤ ዛሬ 650 ገደማ ነው።

የጭሰኛው የሞት ወረቀት የአባታቸውን ስም ሰጠኝ። የእሳቸውም ወረቀት ቀጣዩን። የሞቱት ከ1855 ወዲህ በመሆኑ ነው ይህ የሆነው። ስለዚህ ቀድሞ ሽማግሌ ሆኖ የሞተውን ፈልጉ፤ በ1860ዎቹ በ80 ዓመቱ የሞተ ሰው ወረቀት እስከ 1700ዎቹ ድረስ ይወስዳችኋል።

ባለፈው ክረምት ልጆቹን ይዘን ሄድን። ከኦባን ወደብ በመርከብ አራት ሰዓት ያህል ነው። ነፋሱ አያቆምም። የደሴቲቱ ታሪክ ማእከል ውስጥ ያሉ ሰዎች ከአንድ ሽማግሌ ጋር አገናኙን። ወረቀቶቼን ለማውጣት ቦርሳዬን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። የመንደሩንና የአባትየውን ስም ብቻ ጠየቁኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጌይሊክ ጀመሩ። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ። ሰው ማንነቱን በዚያ ቋንቋ የሚናገረው እንዲህ ነው፤ የአባት አባቱን እየቆጠረ። ልጄ እጄን ጎተተና "እማ፣ ሰባት ቤት እየቆጠሩ ነው!" አለኝ።

ሦስቱም ስሞች ከወረቀቶቼ ጋር ገጠሙ። አንዱ ላይ ግን ተጨማሪ ቃል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ቀጥቃጩ" ማለት ነው። መዝገቡ ጭሰኛ ብቻ ነው የሚለው። መንደሩ ግን ብረት ይቀጠቅጡ እንደነበር አልረሳም። የልጅ ልጃቸው ጎቫን ሄደው መዶሻ ያነሡት ከባዶ ተነሥተው አልነበረም።

በአገራችን ቀጥቃጭ የሚለው ቃል መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። ለእናቴ ስነግራት ምን ትል ይሆን ብዬ ትንሽ ሰግቼ ነበር። "ታዲያስ! ማረሻ ማን ይሠራል?" አለችኝ።

እሑድ ዕለት ልጄ ራሱ ደወለላት። ሳትጠይቀው ጀመረ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቤልፋስት የተወለዱትን፣ ሪቬት መቺውን፣ ጭሰኛውን፣ ቀጥቃጩን፣ የቀጥቃጩን አባት። በማክ በማክ ምላሷ ቢተሳሰርም አብራው ደገመች። ሲጨርስ እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለች። ከዚያ "እናቶቻቸውስ?" አለችው።

ልጄ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከመጀመሪያዋ ጀመረ።